በእጄ ላይ ላስነቅሰው የነበረው ነጭ

በነጭ ቀለም ንቅሳት መነቀስ የፈለግሁት የእህቴ እጅ ስለናፈቀኝ ነው። ነገሩ እንዲገባችሁ ግን ከእጇ መጀመር አለብኝ።

እህቴ ታላቄ ነበረች። ኢዲዶ ውስጥ፣ ከይርጋጨፌ በእግር በሚደረስበት መንደር፣ በእንሰትና በቡና መካከል አደግን። አባታችን ልጆች ሳለን ስለሞተ ቤታችን የሦስት ሴቶች ቤት ነበር፤ የእናቴ፣ የእህቴና የእኔ። እህቴ የቀኝ እጇ ጀርባ ላይ ለምጽ ነበራት። መቼ እንደወጣባት አላየሁም፤ እኔ ነፍስ ሳውቅ እዚያው ነበር። ስለዚህ በሽታ ነው ብዬ አስቤው አላውቅም። የእናቴ እጅ ሻካራ ነው፣ የእኔ ትንሽ ነው፣ የእህቴ ደግሞ ነጭ አለበት። በቃ።

ገበያ ሲሞላ ልጅ የሰው ፊት አያይም፤ ቁመቱ የሚያደርሰው እጅ ላይ ነው። ዶሮ ያንጠለጠለ እጅ፣ የጎመን እስር የያዘ እጅ፣ ልጅ የሚጎትት እጅ። የእህቴን ከሁሉም መሃል ወዲያው እለየዋለሁ። ያንን ነጭ ሳይ ሮጬ እይዘዋለሁ። አንድም ቀን ተሳስቼ የሌላ ሰው እጅ ይዤ አላውቅም።

እሷ ግን አትወደውም ነበር። የሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቶቿ ድረስ ስትጎትት ነው የማስታውሳት፤ ሹራቦቿ ሁሉ የቀኝ እጅጌያቸው ከግራው ይረዝም ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ስለ ለምጻሞች የሚሰበክበት እሁድ ይመጣል። መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ ያለው ለምጽና የእሷ ለምጽ አንድ እንዳልሆኑ አሁን አውቃለሁ፤ ያኔ ግን ቃሉ አንድ ነው። ሰባኪው ቃሉን ባነሳ ቁጥር ከፊታችን የተቀመጡት ሴቶች አንገታቸውን በትንሹ ወደ እኛ ይመልሳሉ። እህቴ እጇን ከጭኗ ሥር ታስገባለች። ስብከቱ እስኪያልቅ አታወጣውም። ስንነሳ ጣቶቿ ደንዝዘው ለመዝሙሩ ማጨብጨብ ያቅታት ነበር።

እኔ ዲላ መጥቼ ተማርኩ፤ መድኃኒት ቤት ውስጥ ሥራ ያዝኩ፤ እዚያው አገባሁ። እሷ ከእናቴ ጋር ቀረች። ቡና ሲደርስ ማጠቢያ ጣቢያው ውስጥ ትሠራለች፤ ሴቶቹ ቡናው በተሰጣባቸው የማድረቂያ አልጋዎች ግራና ቀኝ ቆመው የተሰበረውንና የተበላሸውን ፍሬ ሲለቅሙ ይውላሉ። ከምሠራበት መድኃኒት ቤት ቅባት እወስድላታለሁ። አንዱ ቅባት ዳር ዳሩን መለሰላት፤ በሚቀጥለው ስሄድ ነጩ በሌላ በኩል ወጥቶ ጠበቀኝ።

«እዚህ ስንደፍነው እዚያ ይወጣል» ብላ ሳቀች። ስትስቅ አፏን በግራ እጇ ነበር የምትሸፍነው።

ካቻምና በክረምት ከይርጋጨፌ ስትመለስ የተሳፈረችበት ሞተር ብስክሌት በዝናብ ተንሸራተተ። ሹፌሩ ተረፈ። እሷ አልተረፈችም። እኔ ከዲላ መኪና አግኝቼ፣ ከዋናው መንገድ በጭቃው ወርጄ ስደርስ ተገንዛ ነበር። እጇን አሳዩኝ ብዬ ለመንኩ። ለቅሶ ላይ የማይባል ነገር የለምና ማንም በቁም ነገር አልወሰደኝም። ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ይዘውኝ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ይሉኛል። ፊቷን አሳዩኝ ብል ኖሮ ምናልባት ያሳዩኝ ነበር። እኔ ግን እጇን ነበር የፈለግሁት። ሳላየው ቀበርናት።

ከዚያ በኋላ በየቦታው እጅ ማየት ጀመርኩ። በመድኃኒት ቤቱ መስኮት በኩል ሰው ሁሉ እጁን ነው የሚያስገባው፤ ማዘዣ የያዘ፣ ብር የያዘ፣ የሕፃን ሙቀት መለኪያ የያዘ። ቀኑን ሙሉ ሲገቡና ሲወጡ አያለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የአንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እጅ ገባ። ቫዝሊን ነበር የጠየቀችኝ። የእጅ አንጓዋ ላይ ነጣ ያለ ነገር አየሁ። ሳላስበው ጣቶቿን ያዝኳቸው።

ልጅቷ ደነገጠች። «ታቱ ነው እኮ» አለችኝ። «ነጭ ቀለም ነው። ምነው?»

ቀረብ ብዬ ሳየው ቅጠል ነው። ስስ የቅጠል ሥዕል፣ ሆን ብሎ ላላየው ሰው የማይታይ። በነጭ መነቀስ እንደሚቻል ያን ቀን ነው ያወቅሁት። እኔ የማውቀው ንቅሳት ከሰሜን የመጡ እናቶች አንገትና ግንባር ላይ ያለውን ጥቁር ሰማያዊውን ነው። የት እንደሠራችው ጠየቅኋት። ከዩኒቨርሲቲው በታች፣ ከወንዶች ፀጉር ቤት ጎን ያለች ክፍል ውስጥ መሆኑን ነገረችኝ።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። እራት እየበላን ነበር።

«ምን ልትነቀሺ?» አለኝ።

«የእህቴን ለምጽ። ልክ እሷ እጅ ላይ በነበረበት ቦታ፣ እኔም እጅ ላይ።»

ጉርሻውን ሳይውጥ አየኝ። ሰው ሲያዝን ብዙ ነገር እንደሚል ያውቃል፤ ግን እየቀለድኩ እንዳልሆነም አወቀ። «ስለ ሞተ ሰው ገላን መንቀስ በመጽሐፍ ቅዱስ ክልክል ነው እኮ» አለኝ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ።

«አውቃለሁ።»

«እሺ። እኔ አልከለክልሽም። ግን ለእማማ ሳትነግሪ እንዳታደርጊው።»

እሺ አልኩት። እናቴ የምትኖረው ኢዲዶ ነው፤ እኔ ዲላ ነኝ፤ እስክሄድ ጊዜ አለ ብዬ አሰብኩ።

ነቃሹ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ሚስቱ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ስለምታስተምር ነው ዲላ የመጣው። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አንድ የሚዘረጋ ወንበር፣ አንድ መብራት፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ሥዕሎች። ሥራዬን ስለማውቅ መጀመሪያ ያየሁት መርፌውን ነው። አልተቀየመኝም፤ መርፌው ከነማሸጊያው መሆኑን አሳየኝ፤ ቀለሙንም ለእያንዳንዱ ሰው በትንሽ ክዳን እንደሚቀዳና የተረፈውን እንደሚደፋ ነገረኝ። ከዚያ ምን እንደምፈልግ ጠየቀኝ። ነገርኩት።

እኔን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ እሱ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

«እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ?» አለኝ። «ነጭ እኛ ቆዳ ላይ ነጭ ሆኖ አይቀርም።»

«የልጅቷን አየሁት እኮ።»

«እሷ ቀይ ናት፤ የሷም ገና አዲስ ነው። ስልክ ላይ የምታዪያቸው ሁሉ ልክ ተሠርተው እንዳለቁ የተነሡ ናቸው። ቀለሙ የሚቀመጠው ከቆዳሽ በታች ነው። ሲድን የራስሽ ቆዳ ከላይ ይመለስበታል። እና የምታዪው በራስሽ ቆዳ ውስጥ አሳልፈሽ ነው። ወተት ውስጥ ሻይ ጠብ ስታደርጊ ምን ይሆናል? እንደዚያ ነው። ለምጽ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ለምጽ ላይ ከላይ የሚሸፍን ቀለም የለም። እኔ ያንን ልሠራልሽ አልችልም። ማንም አይችልም።»

ሌላው ሰው እዚህ ጋ ተነሥቶ ይሄድ ነበር። እኔ «ምንም ቢሆን ይመስላል አይደል?» አልኩት።

«ከሩቅ የቆየ ጠባሳ ነው የሚመስለው። ፀሐይ ሲነካው ቢጫ ይሆናል። እጅ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ነው፤ ይታጠባል፣ ይፈገፈጋል። ቶሎ ይለቃል። ሁሉም እኩል ቢለቅ ጥሩ ነበር፤ አይለቅም፤ ቦታ ቦታ እየመረጠ ይለቃል። ነጭ ለስስ መስመር እንጂ ሰፊ ቦታ ለመሙላት አይሆንም።» ጣቱን ወደ ጆሮዬ ቀሰረ። «ያ ምንድን ነው?»

ጆሮዬን ስበሳ አብጦ የቀረ ጠባሳ አለኝ፤ ባቄላ ያህላል። አሳየሁት።

«ይኸው። ቁስልሽ የሚያብጥ ከሆነ እጅሽም ሊያብጥ ይችላል። በጥቁር ቢሆን ብዙ አይታወቅም፤ በነጭ ጉብ ጉብ ብሎ ይታያል። ላጥፋው ብትዪ ደግሞ በጨረር የሚያጠፉት ሰዎች ነጭን አይወዱትም፤ አንዳንዴ ጭራሽ ይጠቁራል ይባላል።» ትንሽ አሰበና፣ «ለምጹ እህትሽ ላይ ብቻ ነው? በቤተሰብ ሌላ ሰው አለ?» አለኝ።

«እሷ ብቻ ናት።»

«እንግዲያው ሐኪም ሳትጠይቂ እኔ አልነካሽም። በዘር ያለባቸው ሰዎች ሲቆስሉ ቁስሉ ላይ የሚወጣባቸው አሉ ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ይህን እኔም በሥራዬ አውቀዋለሁ። ግን ከሌላ ሰው አፍ ስሰማው አልፈራሁም። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ያሰብኩት «ቢወጣብኝስ?» የሚለውን ነው፤ ያሰብኩትም በፍርሃት ሳይሆን በምኞት ነበር። ለቀለም ገንዘብ የምከፍልበትን ነገር ገላዬ ራሱ ቢሰጠኝ ብዬ። እንዲህ የሚያስብ ጤነኛ ሰው ይኖራል? ለማንም አልተናገርኩትም፤ ለባለቤቴም።

«ቅርጹንስ አምጥተሻል?» አለኝ ነቃሹ። «ሁሉ ነገር ቢሳካ እንኳን በምን ላይ ተመሥርቼ ልሥራ? ፎቶዋን አምጪልኝ።»

ፎቶ ሞልቷል ብዬ ወደ ቤት ገባሁ። ስልኬን ከፈትኩ፤ የባለቤቴንም፤ የሠርጋችንን አልበምም አወጣሁ። እህቴ ብዙ ፎቶ ላይ አለች። አንዱ ላይ እጇ ከኋላዋ ነው። ሌላው ላይ የጎረቤት ሕፃን ታቅፋለች፤ እጇ በፎጣው ሥር ገብቷል። ቡና ማጠቢያው ጋ ከሴቶቹ ጋር ስትሥቅ የተነሣችው ላይ እኔ የላክሁላትን ጓንት አድርጋለች። የሠርጌ ዕለት ደግሞ ሁለቱንም እጆቿን እስከ አንጓዋ በሂና አስጊጣለች። ያን ቀን እንዴት አምሮብሻል ብያት ነበር፤ እሷም ሳቅ ብላ ዞር አለች። ለእኔ ደስ ብሏት የተዋበች መስሎኝ ነበር። አሁን አልበሙን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ሳየው ሂናው በቀኝ እጇ ላይ ከግራው ይልቅ ጠቁሯል። ደጋግማ ነው የቀባችው።

አንድም ፎቶ ላይ የለም። ያ በልጅነቴ ከገበያ ሰው ሁሉ መሃል የምለየው ነጭ፣ አንድም ቦታ አልተነሣም።

በቃሌ ልሥለው ወረቀት አወጣሁ። ከአውራ ጣቷ ሥር እንደሚጀምር እርግጠኛ ነበርኩ። ከዚያ ወደ መሃል ጣቷ አጥንት ይሄዳል። ከዚያስ? ትንሿ ጣት ጋ ይደርሳል ወይስ አይደርስም? ወደ አንጓዋ ጫፉ ክብ ነው ወይስ የተቆራረጠ? ዓይኔን ስጨፍን እጇ ይመጣል፤ ጫፉን ለማየት ቀረብ ስል ይጠፋል። ደጋግሜ ሣልኩ፤ ሁሉም የሷ ይመስላል፤ ሁሉም አይመስልም። ያን ቀን ያለቀስኩትን ለቅሶ በቀብሯ ዕለት አላለቀስኩትም።

ሐዋሳ ለሥራ ስሄድ የቆዳ ሐኪም ጠየቅሁ። ሊወጣብሽም ላይወጣብሽም ይችላል፤ እኔ ብሆን አላደርገውም አለችኝ። ወደ ነቃሹ ተመልሼ የሐኪሟን ቃል ነገርኩት። ሐሳቤን እንዳልለወጥኩ ሲያይ «እሺ፣ እንግዲያው አንድ ነጥብ ብቻ» አለኝ። «ልብስ በሚሸፍነው ቦታ። እሱን እንየው። ካበጠ፣ ካሳከከሽ፣ ከጠላሽው በነጥብ ይቀራል። በደንብ ሲድን፣ ቡና ሲለቀም አካባቢ ነይ። እስከዚያ እጅሽን አልነካም።»

በክርኔ ውስጠኛ በኩል፣ ከመታጠፊያው ከፍ ብሎ፣ አደረገልኝ። ሕመሙ ጉንዳን እንደነከሰ ነው። ሲጨርስ መስታወት ሰጠኝ። ዙሪያው ቀልቶ መሃሉ ነጭ ነበር፤ ንጹሕ ነጭ፤ የሷ ዓይነት ነጭ። ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ እጅጌዬን እየሰበሰብኩ ሳየው ቤት ደረስኩ። ሹፌሩ በመስታወቱ እያየኝ «ክትባት ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደስታዬ ልክ አልነበረውም። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ሰው ሳይኖር ሸሚዜን ሰብስቤ አየዋለሁ። ከዚያ ቅርፊት ያዘ፤ ቅርፊቱ ተነሣ፤ ሥሩ ያለው ነገር እንደ ቅቤ ሆነ፤ ክረምቱ እያለቀ ሲሄድ ደግሞ እንደ አሮጌ ወረቀት። ዳሩ በጥቂቱ አበጠ። ነቃሹ ያለኝ ሁሉ እየሆነ ነው። እኔ ግን ተስፋ አልቆረጥኩም። ሰፋ ተደርጎ ሲሠራ ይለያል፣ እጅ ላይ ይለያል፣ በየጊዜው አሳድሰዋለሁ እያልኩ ለራሴ ሰበብ እሠራ ነበር። የቀረኝ ቅርጹ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ የሚያውቅ አንድ ሰው አለ።

ቡናው መቅላት ሲጀምር ኢዲዶ ሄድኩ። እናቴ ጓሮ ነበረች። ከመንገድ እንደመጣሁ ጫማዬን አውልቄ ላግዛት ገባሁ፤ እሸት ቡና ከቅርንጫፉ እየለቀምን በቅርጫት እንጥላለን። ከእናቴ ጋር የማወራው በጌዴኡፋ፣ በጌዴኦ ቋንቋ፣ ነው፤ ዲላ ቀኑን ሙሉ በአማርኛ ስለምውል አፌ እስኪፈታ ጥቂት ጊዜ ይወስድብኛል። ስለዚህ ነገሩን እንዴት እንደምጀምርላት እያሰብኩ ዝም ብዬ እለቅማለሁ። ሙቀቱ ሲበረታ እጅጌዬን ወደ ላይ ሰበሰብኩ። ረስቼው ነበር።

ከላይ ያለውን ቅርንጫፍ ልስብ ክንዴን ስዘረጋ እናቴ ቅርጫቷን ለቀቀችው። ቡናው መሬት ላይ ፈሰሰ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

መልስ ሳልሰጣት ክንዴን ያዘች። እየጎተተች ከዛፎቹ ጥላ አውጥታ ፀሐይ ላይ አቆመችኝ። በአውራ ጣቷ ነጥቧን ፈተገቻት፤ አልለቀቀችም። ምራቋን አስነክታ እንደገና ፈተገች።

«አንቺንም?» አለች። «ጌታ ሆይ፣ እሷንም?»

«እማዬ፣ አይደለም! ለምጽ አይደለም!»

«እኔ ነኝ የማላውቀው? እህትሽንም እንዲህ ነው የጀመራት! ምስር አክላ! ከውሃ ስትመለስ እጇ ላይ አየሁ። የቆጮ ፍርፋሪ መስሎኝ ላራግፈው ስል እምቢ አለኝ።»

«እማዬ ቀለም ነው። በመርፌ ያስደረግሁት ቀለም ነው። ንቅሳት ነው።»

ቃሉን እስክታምነኝ ደጋግሜ መናገር ነበረብኝ። ሲገባት ክንዴን ለቀቀችና በቆመችበት መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ከመቀበሯ በፊት እጇን ሳላይ መቅረቴን፣ ልጅቷን፣ ነቃሹን፣ ፎቶዎቹን። ቅርጹ እንደጠፋኝም።

ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን የፈሰሰውን ቡና በጣቶቿ ወደ አንድ ቦታ ስትሰበስብ ቆየች።

«እጅሽን ስጪኝ» አለች።

ቀኝ እጄን ዘረጋሁላት። ጭኗ ላይ አስቀምጣ በሌባ ጣቷ እጄ ጀርባ ላይ መሣል ጀመረች። ጣቷ በቡናው ጭማቂ ረጥቦ ነበር፤ ያለፈበት ቦታ ሁሉ ትንሽ ትንሽ ያጣብቃል። ከአውራ ጣቴ ሥር ጀመረች። «እዚህ ነበረች፣ ምስሯ። ትምህርት ቤት ስትገባ እስከዚህ መጣች። አንቺ መራመድ ስትጀምሪ እዚህ ደርሳለች። ያ ሊያገባት የመጣ ሰው እናቱን ይዞ ሲመጣ ይህችን አጥንት አልፋ ነበር፤ አስታውሳለሁ፣ ያን ቀን ሲኒ ይዛ እንዳትገባ እኔ ነኝ የከለከልኳት። አንቺ ያመጣሽው ቅባት ይህን መለሰው። ከዚያ በዚህ ወጣ። በመጨረሻ ይሄ ሁሉ ነጭ ነበር፤ እስከ ጥፍሯ።» ጣቷን አነሣች። «የቱን ነው የምትነቀሺው?»

እኔ ነጩ አንድ ቅርጽ ብቻ እንደነበረው ነበር የማስበው። የምስሯን ጊዜ አላየሁም። በኋላ የተስፋፋውን በዓመት በዓል ስመጣ ብቻ ነው ያየሁት። ያ በቃሌ ልሥለው የታገልኩት በገበያ መሃል የምይዘው እጅ ነው፤ እሱ ደግሞ እኔ ልጅ እያለሁ ነው የነበረው፤ ሳድግ አልፎ ሄዷል።

«እሷ ብታይሽ ምን ትል ነበር መሰለሽ?» አለች እናቴ። በቁጣ አልነበረም። «አንቺ ስትተኚ እጅሽን አንሥታ ታየው ነበር። ‹እማዬ፣ የሷ እንዴት ያምራል፣ አንድም ነገር የለበትም› ትለኝ ነበር። አንቺ የሷ እጅ ናፈቀሽ፤ እሷ ዕድሜዋን ሙሉ የናፈቃት ያንቺ ነው። አሁን እሱን ልታጠፊባት ነው?»

ከዚያ አለቀስን። ከቀብሩ ወዲህ አብረን አልቅሰን አናውቅም ነበር፤ እሷ በኔ ፊት ትጠነክራለች፣ እኔም በሷ ፊት። ካለቀስን በኋላ ቡናውን ለቀምነው፤ ከአፈሩና ከደረቀው ቅጠል ለይተን ወደ ቅርጫቱ መለስነው። ቀኑ እያዘነበለ ሲሄድ እጄ ላይ የሣለችው የቡና ጭማቂ ደርቆ ቆዳዬን ያዘው። ሳልታጠበው ቆየሁ። እራት ሲቀርብ ግን መታጠብ ነበረብኝና ታጠብኩ።

ዲላ ስመለስ ወደ ነቃሹ ሄድኩ፤ በከንቱ እንዳይጠብቀኝ ብዬ። እንደተውኩት ስነግረው ያዘነም የተደሰተም አልመሰለኝም። ክንዴን ወደ መብራቱ አስጠግቶ ነጥቧን አያት። «ትንሽ አብጣለች፤ እጅሽ ቢሆን ይከፋ ነበር» አለኝ። ሌሎች ሰዎች ነጭ ፈልገው ሲመጡ ይህችን እንዲያሳያቸው ፎቶ ሊያነሣት ፈቃዴን ጠየቀኝ። አንሣት አልኩት። እንግዲህ አሁን ከዩኒቨርሲቲው በታች ባለችው ክፍል ግድግዳ ላይ የኔ ክንድ ተለጥፏል፤ በነጭ ለመነቀስ የሚመጣ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ እሱን ያያል። አንዳንዱ አይቶ ይመለሳል ይለኛል፤ አንዳንዱ እንዲሁም ይሁን ብሎ ይሠራል። እኔን ሰው ቢጠይቀኝ የምለው ብዙ አይደለም። ምን ለማየት እንደምትፈልጉ ጠይቁ፤ ከዚያ ከዓመት በኋላ የምታዩት እሱ መሆኑን ጠይቁ። አብሯችሁ የሚያየውንም ሰው አስቡ። እኔ ለምጹ ሲናፍቀኝ እናቴ ምን ትላለች ብዬ እንጂ እናቴ ምን ታያለች ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ናፍቆቱ አልተወኝም። ሰው ይረሳል ይሉኛል፤ እኔ ግን ጭራሽ ባሰብኝ። የተለወጠ ነገር ቢኖር እናቴና እኔ ስለሷ ማውራት መጀመራችን ነው። ቀድሞ ስልክ ስትደውል ስለ ዝናቡና ስለ ጎረቤት ነበር። አሁን ወሬያችን እያለቀ ሲመጣ «አንድ ነገር ልንገርሽ» ትላለች፤ አንድ የማላውቀው ነገር ትነግረኛለች። እንደማዝን ስለምታውቅ ረጅም አታደርገውም።

ባለፈው ሰሞን የነገረችኝ እኔ መጀመሪያ ለትምህርት ወደ ዲላ የመጣሁ ጊዜ የሆነውን ነው። እህቴና እኔ አንድ አልጋ ላይ ነበር የምንተኛው። እኔ ከሄድኩ በኋላ አልጋው ሰፊ ነው፣ ተዘርግተሽ ተኚ ብላ እናቴ ስትነግራት እምቢ ትላታለች። ግድግዳው ጋ ተጠግታ፣ የኔን ቦታ ባዶ ትታ ትተኛለች። ብርድ ልብሱንም ከኔ በኩል ለቀቅ አድርጋ ትተወዋለች። እናቴ ስትቆጣት «ማታ ድንገት ብትመጣስ?» ትላለች። በማታ ከዲላ መኪና እንደሌለ እያወቀች።

«እስከ መቼ እንደዚያ ተኛች?» አልኳት።

«ኧረ እንጃ» አለች እናቴ። «ሁልጊዜም እንደዚያው ነበረች።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ባለቤቴ ምን ሆንሽ አለኝ። ምንም አልኩት። ከዚያ ሐሳቤን ለወጥኩና ነገርኩት፤ እሱም ሥራውን አቁሞ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ።